በዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የወጣቶች ባለሙያ ለመሆን አስቤአለሁ፤ መንገዱን የምታውቁ ምከሩኝ

የሊድሱ ልጅ፦

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የመጣሁት ገና ለአካለ መጠን ሳልደርስ ብቻዬን ሲሆን፣ አሁን የስደተኝነት ዕውቅና አግኝቼ በሊድስ እኖራለሁ። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ አንዳንድ ምሽት ደግሞ በሰፈራችን የወጣቶች ክበብ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። የክበቡ ኃላፊ ሥራው እንደሚሆነኝ ነግራኝ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ ዲግሪ ይዤ ሙሉ ዩዝ ወርከር (የወጣቶች ባለሙያ) የምሆንበት የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የሚባል መንገድ እንዳለ ጠቆመችኝ። አጎቴ ግን «አፕረንቲስሺፕ ለቧንቧ ሠራተኛና ለፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዲግሪ ከፈለግህ ደንበኛውን ዩኒቨርሲቲ ግባ» ይለኛል።

ማወቅ የምፈልገው ዲግሪው ከሌላው ዲግሪ እኩል መሆን አለመሆኑን፣ እንደ እኔ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው የሚፈቀድለት መሆኑን፣ እንዲሁም የማመለክተው ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ይሁን ቀጣሪ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፤ ድርሰት ላይ ግን ገና ነኝ።

የደቡብ ለንደን ባለሙያ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መመለስ ያለበት የማመልከቻው ጥያቄህ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። አፕረንቲስሺፕ ከሁሉ በፊት የቅጥር ውል ነው። ቀጣሪ የሌለው ሰው ዩኒቨርሲቲው ቢወደው እንኳ ሊመዘግበው አይችልም። ስለዚህ የምትፈልገው በቅድሚያ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር)፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም የወጣቶች ማዕከል ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀጣሪው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ይዋዋላል። ክፍት ቦታዎች መንግሥት ባዘጋጀው የአፕረንቲስሺፕ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ፤ ሆኖም በእኛ ሙያ በርካቶቹ የሚገኙት ቀድሞ በበጎ ፈቃድ ወይም በሰዓት ክፍያ ከሚያገለግሉበት ቤት ነው። አንተ አሁን በቆምክበት ቦታ ማለት ነው።

ስለ ዲግሪው አጎትህን ማሳመን የምትችል ይመስለኛል። በእንግሊዝ ለዚህ ሙያ የተዘጋጀው አፕረንቲስሺፕ ደረጃ 6 ነው፤ ይህም ከማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር አንድ ደረጃ ነው። በአብዛኛው ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ሲጠናቀቅ የሚሰጠውም የዩኒቨርሲቲው የማዕረግ ዲግሪ ራሱ ነው። የመጨረሻው የብቃት ምዘና በዲግሪው ውስጥ የተካተተ ስለሆነ ዲግሪውንና አፕረንቲስሺፑን ለየብቻ አትጨርስም።

ይሁንና አጎትህ ያልጠየቁህን እኔ ልጠይቅህ፦ ዲግሪው የሙያውን ሥልጠናዎች በሚያጸድቀው በናሽናል ዩዝ ኤጀንሲ የጸደቀና በጄኤንሲ ዕውቅና ያለው ነውን? ጄኤንሲ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የጋራ ተደራዳሪ ኮሚቴ ሲሆን፣ የዩዝ ወርከሮችን የደመወዝ እርከንና የሙያ መለኪያ የሚወስነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሙሉ ባለሙያ ተብሎ ለመቆጠር የማዕረግ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት በዲፕሎማ ያለፍን ሰዎች ግን ዕውቅናችን እንደጸና ነው። በደረጃ 2 እና 3 የሚሠለጥኑት ረዳት ሠራተኞች ይባላሉ፤ የደመወዝ እርከናቸውም ይለያል። በእንግሊዝ ዩዝ ወርከር የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ስላልሆነ ማንም ራሱን እንዲህ ብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ቀጣሪ ዘንድ ስትቀርብ አንተን ከሌላው የሚለይህ እንግዲህ ይህ ዕውቅና ነው።

የመድረኩ አስተባባሪ፦

ውይይቱ ይቀጥል። ስለ መኖሪያ ፈቃድ ስትጽፉ ግን የጉዳይ ቁጥርም ሆነ የደብዳቤ ፎቶ እንዳትለጥፉ አደራ።

እናት ከክሮይደን፦

ጠያቂውን ልጄን እግዚአብሔር ያግዝህ። እኔም ልጄ ይህንኑ ስለሚል ነው የምጽፈው፤ ቅሬታዬን ግን ሳልሸፍን እናገራለሁ። እኛ ወላጆች ሦስት ዓመት ሙሉ ልጁ ማታ ማታ ከሰው ልጆች ጋር ፑል ሲጫወት አምሽቶ ባለ ዲግሪ ይባላል ሲሉን መቀበል ይቸግረናል። ደግሞስ ካውንስሎቹ የወጣት ማዕከላትን እየዘጉ አይደለም እንዴ? በእኛ አካባቢ ልጆቼ ያደጉበት ማዕከል ከተዘጋ ቆይቷል። ሥራ በሌለበት ሙያ መሠልጠን ምን ይረባል? ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ቢሆን እኮ ገበያው የታወቀ ነው።

የደቡብ ለንደን ባለሙያ፦

እሜቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ስለ ገበያው ለማባበል አልሞክርም። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት በእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደሮች ለወጣቶች አገልግሎት የሚያወጡት ገንዘብ የዋጋ ንረት ታስቦ ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። ምክንያቱ በሕጉ ውስጥ አለ። የ1996ቱ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 507ለ ካውንስሎች ከ13 እስከ 19 ዓመት ላሉ ወጣቶች፣ የመማር ችግር ላለባቸው ደግሞ እስከ 24 ዓመት ድረስ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጠቀሙበት በቂ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ያዛል፤ ነገር ግን «በተግባር እስከተቻለ ድረስ» የሚል ሐረግ አብሮት አለ። በጀት ሲጠብ ሁሉም የሚሸሸገው ከዚህች ሐረግ ሥር ነው። ለአረጋውያንና ለሕፃናት ጥበቃ ይህን ያህል ልል የሆነ ቃል ስለሌለ መቀሱ ሁልጊዜ እኛ ላይ ያርፋል።

በሌላ በኩል ባለሙያው ራሱ አንሷል። ልምድ ያላቸው ሰዎች በነዚያ ዓመታት ወጥተው ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ቤቶች ማኅበራትና ወደ ሌላ ሙያ ስለገቡ፣ ዛሬ ዕውቅና ያለው ሰው የሚፈልግ ድርጅት ማስታወቂያውን ደጋግሞ ሲያወጣ አያለሁ። ዩዝ ወርከር ዛሬ የሚቀጠረው በማዕከል ብቻ አይደለም። በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በስለት የተወጉ ልጆችን የሚያነጋግሩ አሉ፤ በወጣት ጥፋተኞች አገልግሎት፣ በመንግሥት እንክብካቤ አድገው ከወጡ ልጆች ጋር በሚሠራ ቡድንና መንገድ ለመንገድ እየተዘዋወሩ የሚሠሩም አሉ።

ፑል መጫወቱን በተመለከተ ግን አሁን በሥልጠና ላይ ያለ ሰው ቢመልስልዎት ይሻላል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፦

እኔ አለሁ። በምሥራቅ እንግሊዝ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጥሬ የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ነኝ።

እማማ፣ አንድ የሐሙስ ምሽት ላሳይዎት። በር የሚከፈተው በእንግሊዝ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ እኛ ግን ቀደም ብለን ተሰብስበን ማን በር ላይ እንደሚቆም፣ ማን ወጥ ቤቱን እንደሚይዝ፣ ባለፈው ሳምንት ተጣልተው የሄዱት ሁለት ልጆች ቢመጡ ማን እንደሚቀርባቸው እንነጋገራለን። ልጆቹ ሲገቡ ስማቸውን መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። ብዙው ጨዋታ ያለው ፑሉ ዘንድ ሳይሆን ቶስት ማሽኑ ዘንድ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ዳቦው እስኪዘል ሲጠብቅ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ዛሬ ቤት ባልገባስ?» ይለኛል። ለምን ብዬ ፊት ለፊት ብጠይቀው ይሸሻል። ቅቤውን አቀብዬው ዝም እላለሁ፤ ቀጥሎ የሚለውን እጠብቃለሁ። ከዚያም የነገረኝ ነገር የልጁን ደኅንነት የሚመለከት ከሆነ በምስጢር ልይዘው እንደማልችል እዚያው እነግረዋለሁ፤ ይህንንም የምለው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን ከመጨረሱ በፊት ነው። ማምሻውን ለደኅንነት ጥበቃ ኃላፊዋ ደውዬ በጽሑፍ አስመዘግባለሁ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወንበር እየደረደርን ምሽቱን እንገመግማለን።

ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረኝ ይህንኑ በምክንያት መሥራትን ነው። ልጁ ወደ እኛ የሚመጣው ወዶ ነው፤ እንደ ትምህርት ቤት የመገኘት ግዴታ የለበትም፤ እንደ ሶሻል ወርከርም በሕግ ተመርቶ አልመጣም። ሲሰለቸው ትቶን ይሄዳል። ስለዚህ ሥልጣን ሳይኖረኝ እንዴት እንደማስተምር፣ መቼ ጣልቃ እንደምገባ፣ መቼ እንደምተው ማወቅ አለብኝ። ስለዚያ የቶስት ደቂቃ የጻፍኩት የግምገማ ድርሰት መምህሬ ዘንድ በቀይ ተሞልቶ ነው የተመለሰው፤ «ዝም ያልሽው ስለ ልጁ አስበሽ ነው ወይስ ስለ ፈራሽ?» የሚል ጥያቄ ከጎኑ ነበረበት። ይህን ጥያቄ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው መመለስ አይችልም፤ ምሽቱን ብቻ የሠራ ሰው ደግሞ አይጠይቀውም።

ለጠያቂው ወንድሜ ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ። ደንቡ የሥልጠናው ጊዜ ከሚከፈልህ የሥራ ሰዓት ውስጥ እንዲሆን ያዛል። እኔ በጀመርኩበት ጊዜ መለኪያው በሳምንት ቢያንስ 6 ሰዓት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ወዲህ ለሚጀምሩ ግን ለእያንዳንዱ ሙያ አጠቃላይ የሰዓት መጠን ተወስኗል። ወረቀቱ እንዲህ ቢልም የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ሰው በጎደለ ቁጥር የሚሠዋው የእኔ የትምህርት ቀን ነበር። «ዛሬ ብቻ» እየተባለ ወር አለፈ። የተስተካከለው ኃላፊዬ ስትቀየርና አዲሷ ቀኑን በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ እንደ ፈቃድ ቀን ስትቆልፈው ነው።

የበርሚንግሃም ወንድም፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ብዙ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደርሰው የሚመለሱት በተማሪ ብድሩ ወለድ ምክንያት ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2025/26 እስከ 9,535 ፓውንድ ይደርስ ነበር፤ ይህን ያለ ብድር የሚከፍል ቤተሰብ ጥቂት ነው። በአፕረንቲስሺፕ ግን ተማሪው ለትምህርቱ ምንም አይከፍልም፤ ሊያስከፍሉትም አይፈቀድም። ለዚህ ብቻ እንኳ የመስጊዶቻችን የወጣት ኮሚቴዎች ሊያውቁት የሚገባ መንገድ ነው።

ደመወዙ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። የአፕረንቲስ ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፤ የሚመለከተውም ከ19 ዓመት በታች ያለን፣ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለን ሰው ነው። ከመጋዘን የሚመጣ የ23 ዓመት ሰው በዚያን ጊዜ ሕጋዊ ዝቅተኛው ደመወዙ 12.21 ነበር፤ ቀጣሪው የአፕረንቲሱን ዝቅተኛ ብቻ ልክፈል ቢል ኪራይ መክፈል አይችልም። ከአንድ ዓመት በኋላ የዕድሜው ዝቅተኛ ደመወዝ ይገባዋል። ጥሩ ቀጣሪዎች ከመጀመሪያው ጀምረው የረዳት ሠራተኛ እርከን ይከፍላሉ።

የሊድሱ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የክበባችንን ኃላፊ አነጋገርኳት። ቢቀጥሩኝ ደስ እንደሚላቸው፣ ነገር ግን ድርጅቱ ትንሽ በመሆኑ የትምህርቱን ወጪ መሸከም አለመቻሉ እንደሚያሰጋት ነገረችኝ። በተጨማሪም ከእነሱ ውስጥ ዕውቅና ያለው ዲግሪ የያዘ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ አትሠራም። ይህ ችግር ይሆናል?

የደቡብ ለንደን ባለሙያ፦

የገንዘቡ ጉዳይ የሚፈታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆኑ ድርጅቶች 0.5 በመቶ የሥልጠና መዋጮ ይከፍላሉ። ከዚያ በታች ያሉት አይከፍሉም፤ በተለመደው ደንብ መንግሥት ከሥልጠናው ወጪ 95 በመቶውን ሲሸፍን ቀጣሪው 5 በመቶ ይጨምራል። ከ22 ዓመት በታች ለሆነ ሠልጣኝ ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሁሉንም መሸፈን ጀምሯል፤ በዚያ ደንብ አንተን ዕድሜህ አሳልፎሃል፤ የዕድሜው ጣሪያ ዛሬ ስንት እንደሆነ ግን ኃላፊህ ታጣራ። ሆኖም ትልልቅ ድርጅቶች ካልተጠቀሙበት መዋጮ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ለሌላ ቀጣሪ ማዛወር ስለሚችሉ፣ ኃላፊህ ካውንስሉን ወይም በከተማችሁ ያለ ትልቅ ኩባንያ ብትጠይቅ ያቺ 5 በመቶም ትቀራለች። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ስለማያውቁ ነው ከመነሻው የሚሸሹት። ደመወዝህ ግን ከማንም አይዛወርም፤ ድርጅቱ ራሱ መክፈል አለበትና በሦስት ዓመቱ ውስጥ የሚያልቅ የአንድ ለጋሽ ገንዘብ ላይ የቆመ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ።

የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። በሥራህ ላይ የሚቆጣጠርህና በሙያዊ ውይይት የሚይዝህ ብቁ ሰው ያስፈልግሃል። ይህ ውይይት የሥራ ዝርዝር ማስረከቢያ አይደለም፤ በር ዘግታችሁ ስለ ውሳኔዎችህ የምትመረመርበት ነው። ኃላፊህ የአስተዳደር አለቃህም የሙያ ተቆጣጣሪህም ከሆነች፣ በእሷ አሠራር ላይ ያለህን ጥያቄ ለማን ታነሳለህ? ከውጭ የሚመጣ ተቆጣጣሪ በወር አንድ ጊዜ እንዲመደብልህ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ።

ስለ ወረቀትህ፦ አብዛኛው ሰው ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ዓመት በአገሪቱ መኖር አለበት። የስደተኝነት ዕውቅናና የሰብአዊ ጥበቃ ያላቸው ግን ይህ አይጠየቁም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው በዚህ መንገድ አይገባም። ሒሳብና እንግሊዝኛን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ከ19 ዓመት በላይ ላለ ሠልጣኝ ፈተናውን ማለፍ በአፕረንቲስሺፑ ደንብ የግድ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ለመቀበል የራሱ መስፈርት ሊኖረው ይችላል።

ከካርዲፍ፦

ሁላችሁም ወደ አንድ ወገን ያዘነበላችሁ መሰለኝና ሌላውን ወገን ልያዝ። እኔ የተማርኩት በመደበኛው የሙሉ ጊዜ ዲግሪ ነው። ልምምዴን አንድ ዓመት በገጠር ተንቀሳቃሽ አውቶቡስ ላይ፣ ሌላውን በትምህርት ቤት፣ ሌላውን በስደተኛ ወጣቶች ፕሮጀክት አሳለፍኩ። አፕረንቲሱ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት አሠራር ሲያይ ይቆያል። ቤቱ መጥፎ ከሆነ መጥፎውን እንደ ደንብ ይዞ ይወጣል። ይህን ደመወዝ አይተካውም።

በተጨማሪ የአፕረንቲስሺፕ ጉዳይ በእያንዳንዱ አገር የተለየ ስለሆነ፣ እዚህ ዌልስ ያላችሁ አንባቢዎች የእንግሊዙን ደንብ እንዳለ አትውሰዱ። በዌልስ ዩዝ ወርከር በትምህርት የሰው ኃይል ምክር ቤት መመዝገብ ግዴታው ነው። እንግሊዝም ይህን ብታደርግ እላለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፦

የካርዲፍ ወንድሜ ነጥብ ትክክል ነው፤ ደግነቱ መፍትሔው በእጃችን ነው። እኔ ከሌላ ድርጅት ጋር ተለዋውጬ በመንገድ ላይ ከሚሠራ ቡድን ጋር ለተወሰነ ጊዜ ሠርቻለሁ። ይህ ግን ከቀጣሪው ጋር በጽሑፍ ካልተያዘ አይሆንም።

ለጠያቂው አንድ የእኛን ሰዎች ብቻ የሚመለከት ነገር ላክል። አማርኛ ወይም ትግርኛ ስለምትችል በየስብሰባው አስተርጓሚ ሊያደርጉህ ይፈልጋሉ። ብቻቸውን ከመጡ ልጆች ጋር በምንሠራበት ቦታ፣ አንድ ልጅ እውነት ለአካለ መጠን ያልደረሰ መሆኑን ለማጣራት የዕድሜ ምርመራ ሲደረግለት «አንቺ ቋንቋውን ስለምትችዪ ግቢ» ተባልኩ። አልገባም አልኩ። ልጁ ነገ ክበብ ሲመጣ በመርማሪዎቹ ወንበር በኩል ተቀምጬ ማየቱን አይረሳም። የእኔ ቦታ፣ ከተፈለገ፣ ከጎኑ የሚቀመጥ የሚያምነው አዋቂ መሆን ነው፤ አስተርጓሚ ለብቻው ይቀጠር።

በሌላ ወገን ደግሞ የራሳችን ማኅበረሰብ አለ። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው «ልጄ ክበቡ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትውለው? እኔ እኮ እንደ እናትሽ ነኝ» ይሉኛል። አክብሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ልጅትዋን ራሷን እንዲጠይቋት እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ብናገር በከተማው ያለች የሐበሻ ልጅ ሁሉ ከእኛ በር ትሸሻለች። ይህን በክፍል ውስጥ ሳነሳ እንግሊዛውያኑ ጓደኞቼ ቀላል ጉዳይ መስሏቸው ነበር፤ የትልቅ ሰው ልመናን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ።

እናት ከክሮይደን፦

ክንድሽን የያዙሽ እናት እኔን ይመስሉኛል። ልጄ ሆይ፣ መልስሽ ቢያስከፋኝም ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ልጄ ገና 18 ነው፤ የበጎ ፈቃድ ልምድም የለውም። አሁኑኑ ያመልክት?

የደቡብ ለንደን ባለሙያ፦

እሜቴ፣ በእኔ እምነት ገና ነው። በዚህ ዕድሜ ራሱ ከሚያገለግላቸው ልጆች ጋር እኩያ ነው፤ ትናንት አብሮት የተማረን ልጅ ዛሬ ከበር መመለስ ከባድ ይሆንበታል። አንድ ዓመት በክበብ ያገልግል፤ ከተቻለም በደረጃ 3 ረዳት ሠራተኝነት ይጀምር፤ ለዚያም ራሱን የቻለ አፕረንቲስሺፕ አለው። ከልጆች ጋር ስለሚሠራ የተጠናከረ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ይደረግለታል፤ እሱን ድርጅቱ ያስፈጽምለታል።

የሊድሱ ልጅ፦

በመጪው ሳምንት ከኃላፊዋና ከቦርዱ ሰብሳቢ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። ይዤ የምገባው የመዋጮ ዝውውሩን፣ የውጭ ተቆጣጣሪውን፣ በመርሐ ግብሩ ላይ የሚቆለፈውን የትምህርት ቀንና በሌላ ድርጅት የማሳልፈውን ጊዜ ነው። አጎቴንም ይህን ክር አስነብቤአቸዋለሁ፤ «ዲግሪው ዲግሪ ከሆነ እሺ፤ ግን ማታ ማታ ነው የሚሠራው?» ብለውኛል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፦

አዎ፣ ማታ ማታ ነው፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ደግሞ ቀንም ማታም። እንዲያውም የማታው ሰዓት በትርፍ ሰዓት ተካክሶ እንደሆነ ወይም በደመወዙ ውስጥ የተካተተ እንደሆነ ውሉ ላይ ተመልከት፤ ከስብሰባው በፊት የውሉን ረቂቅ እንዲልኩልህም ጠይቃቸው።